ከአራተኛ ፎቅ ያነሳሁት ቪዲዮ

ሰዓዳን ስትዘል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ነው። የ2009 መስከረም አጋማሽ፣ እሑድ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገና ሰው እየገባበት ስለነበር የአጠገባችን ብሎኮች መስኮት እንኳ በቅጡ አልተገጠመላቸውም። ነፋሱ የሲሚንቶውን አቧራ ጠራርጎ ያመጣና ያጠብኩት አንሶላ ላይ ይደፋዋል። አንሶላዬን ላነሳ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ፣ ከብሎካችን ሥር ያለውን ሱቅ የያዘችው ሰዓዳ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት፣ ረጅም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ በሱሪዋ ሱዚ ትጫወታለች።

ሱዚ! እኔ ሱዚ የተውኩት ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው።

የላስቲኩን አንድ ጫፍ ልብስ ማስጫው ብረት ላይ አስረውታል። ሌላውን ጫፍ እግሯ ላይ አጥልቃ የቆመችው ዳሲቱ ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሦስት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር ቀጭን ልጅ ናት። «ተቃጠልሽ!» ትላለች ዳሲቱ። «ወላሂ አልነካሁትም!» ትላለች ሰዓዳ። ሁለት ሙሉ ሴቶች አንድ ላስቲክ ነካሽ አልነካሽ ብለው ግቢውን በጩኸት ያናውጡታል።

ንቀቴ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ስልኬን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። እየቀረጽኩም በድምፄ አጀብኩት፦ «እዩልኝ ጎበዝ፣ የምኖርበትን ሰፈር እዩልኝ! ያቺ ድብልብሏ ባለሱቅ በዘለለች ቁጥር አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማኛል። ቀጭኗ ደግሞ የፋብሪካ ሴት ናት። ስድስት ቀን ሙሉ ኪስ ሲሰፋ የሚውል ሰው ምን አእምሮ ይቀረዋል?»

በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። ሳቄም ቪዲዮው ውስጥ አለ።

ቪዲዮውን የላክሁት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ የቫይበር ግሩፕ ላይ ነው። የግሩፑ ስም «ስኬታማዎቹ» ነበር። ሃያ ሁለት ነን፤ ከሃያ ሁለታችን ስኬት የምትባለውን በዓይኑ ያየ መኖሩን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። እሑድ እሑድ አመሻሽ ላይ እያንዳንዳችን «አፕዴት» የመጻፍ ግዴታ አለብን፦ በሳምንቱ ምን አዲስ ነገር አገኘህ፣ የት ደረስሽ። አንዱ የአለቃውን መኪና ተደግፎ ፎቶ ይነሳና ይልካል። አንዷ ለሥራ ቅጥር ፈተና የገባችበትን ሕንጻ ፎቶ አንስታ «አዲሱ ቢሮዬ» ትላለች። እኔ ራሴ ቦሌ አንድ ካፌ የጠጣሁትን አንዲት ማኪያቶ ከሦስት አቅጣጫ አንስቼ ለሦስት እሑድ አካፍያታለሁ። በእነዚያ ሦስት እሑዶች ቤቴ ቁጭ ብዬ የበላሁት ሽሮ ነው።

የአፕዴቱን ደንብ ያወጣው እጮኛዬ አቢ ነው። አቢ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ቃሊቲ ውስጥ ጎማ በሚያስመጣ ድርጅት «የማርኬቲንግ ማናጀር» ነው። ከሥሩ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ አንዷ የጽዳት ናት። ቀለበት ያሰረልኝ አንድ ሆቴል ሰገነት ላይ፣ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ነው። «ታገቢኛለሽ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት፣ እንባዬም መጣ። ፎቶ አንሺው «ብርሃን ልክ አልመጣም» አለ። አቢ ተነሳ፣ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ አራገፈ፣ እንደገና ተንበረከከ። ሁለተኛው «አዎ» ላይ እንባው እምቢ አለ፤ ግሩፑ ላይ የወጣው ግን እሱ ነው። ያኔ ይሄ ሁሉ ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

ቪዲዮዬን አይቶ «ካካካካ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም፦ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ከዚያ ሰፈር ቶሎ አወጣሻለሁ።» ሌሎቹም ተከታተሉ። ከላክኋቸው አፕዴቶች ሁሉ እንደዚያ የተወደደልኝ የለም።

ቤቱ የእናቴ ዕጣ ነው። እናቴ የሺሐረግ አቃቂ ያለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አራት ፎቅ መውጣት አልፈልግም ብላ እዚያው አቃቂ የቀበሌ ቤቷ ውስጥ ቀረች፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ እኔ ገባሁ። ቃሊቲ አንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከዳሲቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንሄዳለን፤ እሷ ሰላም ስትለኝ እኔ ስልኬን እነካካለሁ።

ከዚያ ዳታ ተዘጋ። ያን ጊዜ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት የሚባል ነገር ጠፋ። መጀመሪያ ካርድ ያለቀብኝ መስሎኝ ሞላሁ። ቀጥሎ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። የሃያ ሁለት ሰው ስኬት በአንድ ቀን ጸጥ አለ።

በመጀመሪያው እሑድ አቢ ምሳ ሊበላ መጣ። ጥብስ ሠርቼ ነበር። ሳይቀምስ ፎቶ አነሳው። «ሲከፈት እለጥፈዋለሁ» አለ። ፎቶውን አነሳ፣ በላ፣ እጁን ታጠበ። እኔና አቢ ለሁለት ዓመት ስንተዋወቅ ያለ ስልክ እንደዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም ነበር።

«አፕዴት?» አለኝ ኋላ።

«ትናንት ውሃ መጣ። ጀሪካኖቹን በሙሉ ሞላሁ።»

«እሱ አፕዴት አይደለም፣ ጄሪ።»

«እሺ፣ አንተስ?»

አሰበ። ጣራውን አየ። የጥብሱን ፎቶ አንዴ ከፍቶ ዘጋው። «ሲከፈት ታዪዋለሽ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። እኔም ብቻዬን ግድግዳ ሳይ ሰልችቶኝ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ሰዓዳ ላስቲኳን ብረቱ ላይ አስራ ሌላውን ጫፍ በእጇ ይዛ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆማለች።

«ጎረቤት፣ እግርሽን አውሺኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«እግርሽን። ዳሲቱ ኦቨርታይም ገብታለች፣ ቋሚ የለኝም። ሁለት ደቂቃ ቁሚልኝና ዳቦሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ዙሪያዬን ቃኘሁ። የሚያየኝ ሰው የለም፤ ቢያየኝስ የት ይለጥፈዋል? ጫማዬን አውልቄ እግሬን ላስቲኩ ውስጥ ከተትኩ።

ከላይ ሆኜ ድብልብል ያልኳት ሴት ከቅርብ ስትታይ ስትዘል ድምፅ የላትም። በእግር ጣቷ ላስቲኩን ጠለፍ ታደርገዋለች፣ ትዞራለች፣ ትለቀዋለች፣ ሲመለስ እሷ ሌላኛው ወገን ናት። ፊቷ ላይ ደግሞ እንደ ዳኛ ኮስተር ያለ ነገር አለ። ቁርጭምጭሚት ጨረሰች፣ ጉልበት ጨረሰች፣ ላስቲኩን ወገቤ ላይ አስደረገችኝ። ሁለት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ሆነ።

«ተራሽ ነው» አለችኝ ላቧን እየጠረገች።

«እኔ? ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ።»

«ሞክሪው እንጂ። ማን ያይሻል?»

ቁርጭምጭሚትን አለፍኩ። ጉልበት ላይ ተጠልፌ በእጄም በእግሬም መሬት ያዝኩ። ሰዓዳ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀችብኝ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ እንዲያ ከሳቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ለማስታወስ ሞክሬ አልሆነልኝም። ዳቦ መግዛቱን ረስቼ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አራት እሑድ ወረድኩ። ዳሲቱ ሥራ በማትገባበት ቀን ሦስት እንሆናለን። ሲደክመን ሱቁ በር ላይ ያለው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠን ካርቶን ላይ በተሰመረ ገበታ በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። ዳሲቱ ታጭበረብራለች፤ ቆርኪ በእጅጌዋ ጠርጋ «ነፋስ ነው» ትላለች። ሰዓዳ ሦስት ማስቲካ በአንዴ ጎርሳ ፊቷን የሚያህል ፊኛ ትነፋለች፤ ስትፈነዳባት ከቅንድቧ ላይ እየላጠች መልሳ ታኝከዋለች። አንድ ቀን የእስክሪብቶ ቀፎ በሳሙና ውሃ ነክረን ማን ትልቅ አረፋ እንደሚያወጣ ተወዳደርን። ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬ ሳሙናውን እስክንጨርስ ቆሞ ጠበቀን።

በዚያ መሃል ስለ እናቴ አወራኋቸው። ዳሲቱ ስለ ፋብሪካዋ፣ ስለ ሱፐርቫይዘሩና ስለ ሽንት ቤት ሰዓቱ ስትነግረኝ «የእኔም እናት ሃያ ሰባት ዓመት ፋብሪካ ነው የሠራችው» አልኳት። ዳሲቱ ደስ አላት። «ታዲያ የእኛው ልጅ ነሻ!» አለችኝ።

ስለ ቪዲዮው ግን አልነገርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር እየተጫወትኩም እንቃቸው ነበር። ዳታ ሲከፈት፣ አቢ ሲያወጣኝ፣ ይሄ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል እያልኩ ነው የምዘለው። ሰው ርቦት መንገድ ዳር ቆሞ ሲበላ ጀርባውን ለአላፊ አግዳሚው እንደሚሰጠው መሆኑ ነው።

ኅዳር ሲገባ ደረጃው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሼ ወልደሚካኤል ናቸው፤ በምድር ባቡር ጸሐፊነት ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን ሳይለብሱ ቆሻሻ እንኳ ሊደፉ የማይወጡ ሰው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆኑ ነዋሪዎች በግቢው ውስጥ መዝለል፣ መንጠርና መሰል ድርጊቶችን መፈጸማቸው የሕንጻውን ገጽታ የሚያጎድፍ፣ የኋላ ቀር አመለካከት ነጸብራቅ የሆነና ለመልካም አስተዳደር እንቅፋት ስለሆነ፣ በጉዳዩ ላይ ለመወያየት ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እንድትገኙ።» «መሰል ድርጊቶች» ምን ምን እንደሆኑ ሰዓዳና ዳሲቱ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከሩበት።

ቅዳሜ ሃያ የምንሆን ሰዎች የጋራ መጠቀሚያው ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። ጋሼ ወልደሚካኤል እኔን ጠሩኝና «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጄ፤ ቃለ ጉባኤ ያዢ» አሉኝ። ከፊት፣ እሳቸው ጎን ተቀመጥኩ። ሰዓዳና ዳሲቱ ከኋላ ወንበር አጥተው ቆመዋል።

ሰውዬው ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ስለ ልማት፣ ስለ ገጽታ፣ ስለ ቤቶቹ ዋጋ። ጨርሰው «አስተያየት?» ሲሉ ዳሲቱ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቶ ግቢ ውስጥ መሄድ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ለእሱ ወረቀት አልለጠፉም። እኛም መዝለል የለመድነው እሱን እንዳንረግጥ ብለን ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ወልደሚካኤል ፊታቸው ቀላ። «ቀልድ አይደለም! ማስረጃ አለ!» አሉና ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። «የእህቴ ልጅ፣ ዳታ ሳይዘጋ በፊት፣ በከተማው ሁሉ ሲሳቅበት ያገኘችውን ልካልኛለች። ይኸው፣ መሳቂያ ሆነናል!»

የትኛው ቪዲዮ እንደሆነ ሳይከፍቱት አውቄዋለሁ። ከስኬታማዎቹ አንዱ ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ አስተላልፎት ኖሯል። ሰው ሁሉ ተነስቶ ስልካቸውን ከበበ። መጀመሪያ ያዩት ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አንቺ ሰዓዳ፣ ለካ እንዲህ ነሽ!» አላት አንዱ። ሰዓዳም አንገቷን አስግጋ ራሷን ልታይ ፈገግ እያለች ቀረበች። ይኼኔ ጋሼ ወልደሚካኤል ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ያቺ ድብልብሏ ባለሱቅ በዘለለች ቁጥር...»

ድምፄን ያላወቀ አልነበረም። የኪሱ ነገር፣ የአእምሮው ነገር፣ ሁሉም ተሰማ። መጨረሻ ላይ ሳቄ መጣ። ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ጋሼ ወልደሚካኤል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው። «የተማረችዋ ልጃችን እንኳ ታዝባለች። ተባረኪ፣ ልጄ። ይህንንም በቃለ ጉባኤው አስፍሪው።»

ሰዓዳን አየኋት። ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልለቀቀም ነበር፤ የት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ትመስላለች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ዳሲቱ ተከተለቻት።

በዚያች ሰዓት ተነስቼ አንድ ነገር ብናገር ኖሮ ዛሬ ስለ ራሴ የተሻለ አወራ ነበር። አልተናገርኩም። ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ። በአሥራ አንድ ድምፅ በሰባት መዝለል ተከለከለ፤ እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ እጄን አላወጣሁም። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው ብለው አመሰገኑኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ወረድኩ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ ሰዓዳ።

«ሰዓዳ፣ ስለ ትናንቱ...»

«ዳቦ ነው የሚፈልጉት? ስንት ይሁንልዎት?»

እኩያዬ ናት፤ በሦስት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። አንቱ አለችኝ። ዳቦውን በፌስታል አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ስድብ ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር።

ዳሲቱ ግን ቤቴ ድረስ መጣች። አራቱን ፎቅ ወጥታ፣ በሬን አንኳኩታ፣ ስከፍትላት አልገባም አለች።

«እናትሽ ፋብሪካ ስንት ዓመት ነው የሠራችው ያልሽኝ?»

«ሃያ ሰባት።»

«አእምሮ ቀርቷታል?»

መልስ አልጠበቀችም። ደረጃውን ስትወርድ የእርምጃዋን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ክልከላው ደረጃው ላይ ተለጥፎ እያለ፣ ሁለቱ ላስቲካቸውን ይዘው ወጡ። ጋሼ ወልደሚካኤል ግን አስቀድመው የልብስ ማስጫውን ብረት በዘበኛ አስነቅለውታል። ግቢው ሙሉ ልብሱን የሚያሰጣበት ብረት ነበር፤ ለእሳቸው ግን የሕንጻው ገጽታ ይበልጣል። ሰዓዳ ላስቲኩን አጥልቃ ቆማ፣ ዳሲቱ ሌላውን ጫፍ ይዛ የሚታሰርበት ነገር ትፈልጋለች።

በረንዳዬ ላይ ሆኜ ትንሽ አየኋቸው። ከዚያ ወረድኩ። ማንም ነይ አላለኝም። ሄጄ ጫማዬን አወለቅኩና እግሬን ላስቲኩ ውስጥ አስገባሁ። ዳሲቱ ሰዓዳን አየቻት።

«ይቁሙ» አለች ሰዓዳ፣ እኔን ሳታይ። «መቆም አልተከለከለም።»

ሦስት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ተራ አልሰጡኝም። በሚቀጥለው እሑድም ወርጄ ቆምኩ። እየዘለሉ ከበላዬ ያወራሉ፣ ማስቲካ ይካፈላሉ፣ እኔ የተነቀለው ብረት ነኝ። እግሬ ሲደነዝዝ ክብደቴን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አደርጋለሁ። «አይነቃነቁ፣ ላስቲኩ ይላላል» ትለኛለች ሰዓዳ።

በሦስተኛው እሑድ አቢ መጣ። የድርጅቱን መኪና ሱቁ ፊት አቁሞ ወረደና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋው።

«ጄሪ? ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ቆሜያለሁ።»

እውነቴን ነው። ላስቲኩ ብብቴ ሥር ነበር፤ ዳሲቱ አየር ላይ ነበረች።

«ነይ ውጪ እንጂ!»

«ዳሲቱ ትጨርስ።»

መጀመሪያ አፈጠጠ፤ ቀጥሎ ሳቀና ስልኩን አወጣ። «እንዳትነቃነቂ በቃ። ሲከፈት ግሩፑ በሳቅ ይሞታል። እዩልኝ ጎበዝ፣ እጮኛዬን እዩልኝ! እብዶቹ ወስደው ምሰሶ አደረጓት! አለቃቸው ይቺ ድብልብሏ ናት መሰለኝ...»

ቃሉ የእኔ ነው። አንዲት ፊደል እንኳ አልለወጠም። በእሱ አፍ ስሰማው ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ገባኝ፤ በእኔም አፍ ያው እንደነበር ገባኝ።

«ስሟ ሰዓዳ ነው» አልኩት።

«የማን?»

«ስልኩን አስቀምጥ፣ አቢ።»

«ኧረ ቀልድ ነው! አንቺ አይደለሽ እንዴ የጀመርሽው?»

«እኔ ነኝ። አስቀምጠው።»

አላስቀመጠም። ይልቁንም ጋሼ ወልደሚካኤል ኮታቸውን እየቆለፉ ብቅ ሲሉ አየና፣ የሚያግዘው ትልቅ ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ «ጋሼ፣ ይህን ነገር ዝም ትላላችሁ እንዴ?» አላቸው።

«ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል» አሉት በኩራት። «እሷው ናት የያዘችው።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አዩኝ፤ አቢ በስልኩ፣ ጋሼ ወልደሚካኤል በመነጽራቸው። ከመካከላቸው ማንኛቸው የበለጠ ባዶ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከእነዚህ አንዱን አግብቼ ሌላውን ላስደስት ኖሯል ስጽፍ የኖርኩት። ከላስቲኩ ሳልወጣ ቀለበቴን መጎተት ጀመርኩ። አልወጣ አለ። ጣቴ አብጧል። በምራቄ አርሼ ጎተትኩት፤ አንጓው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አቢ። ስልኩን ዝቅ ያደረገው አሁን ነው።

«ትንሽ ታገሰኝ።»

ሰዓዳ ስታየኝ ቆየች። ላስቲኩን ከራሷ ላይ አወለቀችና ሱቋ ገባች። የምግብ ዘይት ይዛ ተመለሰች።

«አምጪ እጅሽን» አለችኝ። «አንቺ እንኳን ሱዚ ቀለበት አትችይም።»

ዘይቱን ጣቴ ላይ አፈሰሰች፣ ቀለበቱን እያሽከረከረች ሳበችው፣ ወጣ። ዘይቱ እየተንጠባጠበ ለአቢ ዘረጋችለት። አቢ ወዲያው አልተቀበላትም። ከመኪናው ሶፍት አምጥቶ፣ ቀለበቱን በሶፍቱ ይዞ፣ ገልብጦ አየው፤ ጭረት እንዳለው ነው የሚያየው። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ትጸጸቻለሽ» አለኝ።

«ሲከፈት ለጥፈው» አልኩት።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ዳሲቱ «ከብብት ነው የምንቀጥለው፣ እንዳትረሱ» አለች። ያን ቀን ተራ ሰጡኝ። ብብት ላይ እንኳ አልደረስኩም፤ ወገብ ላይ ተቃጠልኩ። ሰዓዳ አሁንም ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለችኝም ነበር፤ ስወድቅ የሳቀችው ሳቅ ትንሽ ክፋት ነበረበት። ተገቢዬ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

በዚያው ሳምንት ዳታ ተከፈተ። ስልኬ ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ መንጫጫት ጀመረ፤ ሁለት ወር የታመቀ ስኬት ነው። የጥብሴ ፎቶ ወጥቷል። አቢ ከባሕር ማዶ የመጣ በሚመስል ሹራብ ፎቶ ተነስቶ «አዲስ ምዕራፍ» ብሎ ጽፏል፤ አሥራ ሰባት ሰው አጨብጭቦለታል። የእኔን ምሰሶነትም ለጥፎታል። አንብቤ አልጨረስኩትም። ከግሩፑ ወጣሁና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አጠገቤ ዳሲቱ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ቅዳሜ አቃቂ ወደ እናቴ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

«አቢስ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ተለያየን፣ እማዬ።»

«እሰይ» አለች። ጠጠር አንስታ ወረወረች።

«እሰይ? አትወጂውም ነበር እንዴ?»

«ምኑን ልውደደው? መጀመሪያ ቀን ቤቴ የመጣ ጊዜ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሶፋዬ ላይ ዘርግቶ፣ እሱ ላይ ነው የተቀመጠው። ሱሪው እንዳይቆሽሽ። ሃያ ሰባት ዓመት ፈትል ገምጄ የገዛሁት ሶፋ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቴ እጇን አቁማ አየችኝ።

«አንቺም አይተሻል» አለችኝ። «አጠገቡ ነበርሽ።»

አይቼ ነበር። ያን ቀን በልቤ «እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነው» ብዬ ኮርቼበት ነበር።